ጣራ ያለው ድልድይ

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። በጆሮ የሰማችሁትን በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያስቸገራችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበትና እለፉ። ኋላ ተመለሱበት።

የዛሬው ቃላችን ድልድይ ነው። ድ፣ ል፣ ድ፣ ይ። አራቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ጻፉት እስቲ። ጻፋችሁ? መልካም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የሚመጡት ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዝ ስል ትልቅ ወንዝ አይምሰላችሁ። በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው። በክረምት ግን በሬ ይወስዳል። የከፋን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው።

በዚህ ወንዝ ላይ ሦስት ግንድ በደቦ ጥለን እንሻገር ነበር። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ለማታ ትምህርት ስትመጣ አንደኛው ግንድ ከጫፉ ተሰበረ። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። ባሏ ከኋላዋ ነበርና እጇን ይዞ አወጣት። ደብተሯን ግን ውሃው ወሰደው። በነጋታው ልጠይቃት ሄድኩ። እጇ አብጧል። ቡና አፈላችልኝና እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ እኔ የተመዘገብኩት ፊደል ልማር ነው እንጂ ዋና ልማር አይደለም።» ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ግን ክረምቱ እስኪወጣ አልመጣችም። እሷን አይተው ሌሎች 11 ሰዎች ቀሩ።

የተሰበረውን ግንድ ሄደን አየነው። ላዩ ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈራል። ከጣልነው ገና 3 ዓመቱ ነው። ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጡት አንድ አባት ግንዱን በዱላቸው ወጋ ወጋ አደረጉና ጠየቁኝ። «የቤቴን ምሰሶ ያቆመው አባቴ ነው። እኔም ሽማግሌ ሆንኩ፤ ምሰሶው እስካሁን ደህና ነው። የአጥሬን እንጨት ግን በየሦስት ዓመቱ እቀይራለሁ። ሁሉም ከአንድ ጫካ የወጣ እንጨት ነው። ለምን ይሆን?»

መልሱን እሳቸው ራሳቸው ያውቁታል። ምሰሶው ቤት ውስጥ ነው። በላዩ ክዳን አለ። አጥሩ ደጅ ነው።

እንጨት የሚበሰብሰው በእርጅና አይደለም። እንጀራ ሲሻግት አይታችኋል? እንጨትንም የሚበላው እንደዚያ ያለ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሕይወት አለው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። ደረቅ እንጀራ፣ ድርቆሽ ካደረጋችሁት፣ አይሻግትም። እንጨትም እንዲሁ ነው። ፍጹም ደረቅ የሆነ 100 ኪሎ እንጨት አለ እንበል። የጠጣው ውሃ ከ20 ኪሎ ካነሰ ሻጋታው ሊበላው አይችልም። ከዚያ ብዙ ካለፈና እርጥበቱ ከቆየ ግን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ዝናብ የማይነካው እንጨት፣ ምስጥ ካላገኘው፣ የልጅ ልጅ ያየዋል።

እንግዲህ ወደ ድልድያችን እንምጣ። የቤትን ምሰሶ ክዳን የሚያኖረው ከሆነ፣ ድልድይንስ ክዳን አያኖረውም ወይ? ይህን ጥያቄ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ከኛ በፊት ጠይቀዋል። መልሱንም ሠርተው አይተውታል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ዓመተ ምሕረት ስጽፍ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እንዳትደናገሩ።

በአሜሪካ አገር ፊላደልፊያ በምትባል ከተማ በ1805 አንድ ትልቅ የእንጨት ድልድይ ተከፈተ። የሠራው ቲሞቲ ፓልመር የሚባል አናጢ ነው። ድልድዩን ጣራ እናልብሰው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ፓልመር ሐሳቡን ደገፈ። ሳይከደን ቢቀር 10 ወይም 12 ዓመት ይቆያል፤ ቢከደን ግን 30 ምናልባትም 40 ዓመት ይቆያል ብሎ ገመተ። ተከደነ። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ባለ ጣራ ድልድይ በየገጠሩ ተሠራ። ገበሬዎች ጋሪያቸውን እየነዱ ያልፉበት ነበር። ዛሬም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ብዙ አሉ።

ልብ በሉ። ጣራው ለመንገደኛው አይደለም። መንገደኛ ቢርስ ቤቱ ገብቶ እሳት ይሞቃል። እንጨቱ ግን እሳት የሚሞቅበት ቤት የለውም። ጣራው ለእንጨቱ ነው።

ከሁሉም የምወደው የካናዳውን ነው። ሐርትላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ድልድይ አለ። ርዝመቱ 391 ሜትር ነው። ጣራ ካላቸው ድልድዮች ሁሉ በዓለም ረጅሙ ይህ ነው። መንግሥት እስኪሠራላቸው አልጠበቁም። የአካባቢው ሰዎች ኩባንያ አቁመው አሠሩት። የሚያልፈውም ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር። በ1901 ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ገና ሳይመረቅ፣ ማዶ ያለ ሕመምተኛ ሐኪም ፈለገ። ሳንቃ ደረደሩለትና ሐኪሙ ተሻገረ። የመጀመሪያው ተሻጋሪ እሱ ሆነ። እኔ ይህን ሳነብ ነፍሰ ጡሮቻችን ትዝ አሉኝ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ እነሱ ከወንዙ ወዲያ።

ያ ድልድይ ሲሠራ ጣራ አልነበረውም። በ1920 ከወንዙ ላይ የተሰባበረ በረዶ እየተንሳፈፈ መጥቶ ገጨውና ሁለት ክፍሉ ወደቀ። ከጠገኑት በኋላ በ1922 ጣራና ግድግዳ አለበሱት። በዚያን ጊዜ የተቃወሙ ነበሩ ይባላል። ለምን ቢባል፣ በጨለማው ውስጥ ወጣት ወንድና ሴት ብቻቸውን እያለፉ ይባልጋሉ ብለው ፈርተው ነው። ሰው የትም ሰው ነው! ጣራው ተሠራ፤ ድልድዩም ዛሬ ድረስ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ አገር በክረምት በበረዶ ይሸፈናል። ድሮ ሰዎቹ ጎማ በሌለው፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ይሄዱ ነበር። ድልድዩ ጣራ ስላለው በረዶ አይገባበትም። ጋሪው ደግሞ በደረቅ ሳንቃ ላይ አይንሸራተትም። ምን አደረጉ? በረዶ ከደጅ እየዛቁ ድልድዩ ውስጥ አነጠፉ። ጣራ ሠርቶ በረዶን አስቀረ፤ ቀጥሎ በረዶን በአካፋ አስገባ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ።

ጣራ ከዝናብ ያድናል ስል ከሁሉም ነገር ያድናል ማለቴ አይደለም። ደረቅ እንጨት አንድ ጠላት አለው። እሳት ነው። በስዊዘርላንድ ሉሰርን በምትባል ከተማ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ ጣራ የእንጨት ድልድይ አለ። መጀመሪያ የተሠራው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። በጣራው ሥር በ17ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ ሥዕሎች ተሰቅለውበት ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ሌሊት ተቃጠለ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎች አመድ ሆኑ። የከተማው ሰው ግን ተቀምጦ አላለቀሰም። በ8 ወር ውስጥ መልሶ ሠራው። በቻይናም ፉጂያን በሚባል ክፍለ ሀገር ዋንአን የሚሉት ባለ ጣራ የእንጨት ድልድይ ነበር። 98 ሜትር ይረዝማል። በ2022 በአንድ ሌሊት ነደደ።

ቻይናዎቹ ሌላም ጭንቀት ነበራቸው። እዚያ ድልድዩን የሚሠሩት ባለ ሙያዎች ያለ ሚስማር ግንድን በግንድ እያቆላለፉ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ነው። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ። ጌቶቹ አረጁ። ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት በ2009 ይህን ሙያ በአስቸኳይ ሊጠበቁ ከሚገባቸው መካከል መዘገበው። ያስመዘገቡት ሙያውን ነው፤ ይህን አስተውሉ። ሙያው ካለ የተቃጠለው ድልድይ ይሠራል። ሙያው ከሌለ ያልተቃጠለውም አንድ ቀን ይወድቃል።

የኛስ አገር? አገራችን በድልድይ እንግዳ አይደለችም። በጢስ ዓባይ አጠገብ ዓባይን የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ አለ። የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት በ1632 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ድልድዩ ከ390 ዓመት አይንስም። ከዚያ ወደ ታች፣ በሞጣ በኩል፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ሌላ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ።

ሰባራው ለብዙ አሥርት ዓመታት አልተጠገነም። ሕዝቡ ግን መሻገሩን አልተወም። ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጉልበተኞች ገመድ ይወረውራሉ። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ይታጠቃል። ከታች ዓባይ ይጮኻል። እየጎተቱ ያሻግሩታል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የመጡ ሰዎች ፎቶግራፉን አይተው መጥተው ከሕዝቡ ጋር ሆነው ክፍተቱን በብረት ገጠሙት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከወንዙ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እኔ ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው። ድንጋይ እንኳ ሰው ካልጠበቀው ይሰበራል። የተሰበረውም ሰው ካላየው ስድሳ ዓመት ተሰብሮ ይቆያል።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ከፋ እንመለስ። እኛ ዘንድ ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ የእግዜር ድልድይ የምንለው አለ። ሰው አልሠራውም። ውሃ ዓለቱን ከሥር እየቦረቦረ አለፈና ላዩ ድልድይ ሆኖ ቀረ። በላዩ ደን በቅሎበታል። ያላያችሁት ሂዱና እዩት። እንግዶች እሱን ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ። ግን እግዜር በየወንዙ ድልድይ አልሠራም፤ ለእኛም ሥራ ትቶልናል።

ድሮ አያቶቻችን ወንዝን በሌላ ዓይን ያዩት ነበር። ከፋ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት ነበር። ድንበሩን በኬላና በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠብቅ ነበር። የጎጀብ ወንዝ ደግሞ ታላቁ አጥሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ወንዙ አላሻግር ቢል ለአገሬው ደስታ ነው፤ ጠላት አይገባም። ዛሬ ግን በወንዙ ወዲያና ወዲህ ያለነው ጠላቶች አይደለንም። ወዲያ ቡና አለ፣ ወዲህ ገበያ አለ። ወዲያ ተማሪ አለ፣ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳ አለ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። እርሳስ ያዙ።

ሦስት ግንድ በየ3 ዓመቱ እንቀይራለን። በ30 ዓመት 10 ጊዜ ማለት ነው። ሦስት ሲባዛ በ10፣ 30 ግንድ። ለአንድ ትንሽ ወንዝ 30 ትልልቅ ዛፍ! በከፋ እንዲህ ያለ ወንዝ ስንት አለ? ደናችን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋን ደን ጥብቅ የሕይወት ክልል ብሎ መዝግቦታል። ጫካ ገብቶ የፈለጉትን ዛፍ መቁረጥ የለም። የጓሮ ባሕር ዛፍ ብንጥል ደግሞ እርጥብ አፈር ላይ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ግንድ ማትረፍ ማለት ደን ማትረፍ ነው።

ቀጥሎ ጣራው። ድልድያችን 8 ሜትር ይረዝማል። ወርዱ 2 ሜትር ነው። ዝናብ ከጎን እንዳይገባ ጣራው በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ሜትር ይለፍ። 8 ሲደመር 2፣ 10 ሜትር ሆነ። አንድ ቆርቆሮ 2 ሜትር ይረዝማል። ሲደራረብ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 10 ሜትር 1,000 ሳንቲ ሜትር ነው። 1,000 ሲካፈል ለ75፣ 13 ሆኖ ትንሽ ይተርፋል። ስለዚህ ለአንድ ጎን 14 ቆርቆሮ። ለሁለት ጎን 28 ቆርቆሮ።

ሃያ ስምንት ቆርቆሮ ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሥታ ተናገረች። «ልጆቼ የሚማሩበት ክፍል ያፈሳል። እሱ ሳይከደን ለወንዝ ቆርቆሮ እንገዛለን?» አላለች መሰላችሁ? ብላለች። እውነቷን ነው። መልስ አጣሁ። አንድ ወጣት ግን «ክፍሉ ቢከደን፣ ልጆቹ በምን ተሻግረው ይገባሉ?» አላት። እሷም ዝም አላለችም፣ እሱም ዝም አላለም። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተከራከርን። የዚያን ዕለት ንባብ አልተነበበም።

ለአንድ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ጽፈን ነበር። የጻፉት ተማሪዎቼ ራሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ጻፍን። መልሱን እየጠበቅን ነው። እየጠበቅን ግን የምንሠራው አለ፤ እሱም በነፃ የሚሠራ ነው።

ግንዳችን የተሰበረው ከመካከሉ አይደለም። ከጫፉ ነው፤ አፈር ላይ ከተኛበት። ስለዚህ አዲሶቹ ግንዶች አፈር እንዳይነኩ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ክበን በድንጋዩ ላይ አሳረፍናቸው። ነፋስ በሥራቸው ያልፋል። ልጣጫቸውን ላጥን። ልጣጭ ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ ተባይም ይሸሸግበታል። ድሮ ግንዶቹ እንዳያንሸራትቱ ብለን አፈር እንደፋባቸው ነበር። ያ ስሕተት ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ በቁስል ላይ እንደ ማሰር ነው። አሁን በአፈሩ ፈንታ ቀጫጭን እንጨት አግድም መታንባቸው። በላዩ የተንዠረገገውን ቅርንጫፍ ቆረጥን፣ ፀሐይ እንዲያገኘው። በየሳምንቱ ደግሞ ቅጠሉን የሚጠርግ ተራ አወጣን። ስም ዝርዝሩ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። እያንዳንዱ ስሙን የጻፈው በራሱ እጅ ነው። አንዳንድ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባው አለ። አጥር ቢሆን እሺ። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ላይ ግን አልስማማም፤ አልተስማማሁምም።

ጣራው የቡና ለቀማ ካለፈ በኋላ ይሁን ተባለ። በዚያን ጊዜ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል። ጣራ ክብደት አለው፤ ነፋስም ይገፋዋል። ስለዚህ ቋሚዎቹ በጎን በጎን ባሉት ወፍራም ግንዶች ላይ እንዲቆሙ፣ እንዳይወዛወዙም አግድም ድጋፍ እንዲመታላቸው ከመንደራችን አናጢ ጋር ተነጋግረናል። ሁለት ወጣቶች ከሥሩ ሆነው ሙያውን እንዲማሩ አድርገናል። ይህ ለእግረኛና ለከብት የሚሆን ነው። መኪና የሚያልፍበት ድልድይ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ እሱን በደቦ እንዳትሞክሩት። በድልድዩ ላይ እሳት ይዞ ማለፍ፣ ሲጋራም ማጨስ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ እንሰቅላለን። የሰሌዳውን ጽሑፍ የሚጽፉት የማታ ተማሪዎች ናቸው።

ደብተሯን ውሃ የወሰደባት እናት በመስከረም ተመለሰች። አዲስ ደብተር ይዛ ነበር፤ በፌስታል ጠቅልላዋለች። «ለምን ጠቀለልሽው? ዝናቡ ቆሟል እኮ» አልኳት። «ጣራው እስኪሠራ» አለችኝ።

እናንተስ? በእናንተ ወንዝ ላይ ያለው ግንድ እንዴት ነው? ነገ ስታልፉ ቆም በሉና ጫፉን በዱላ ውጉት። ዱላው ከገባ ልጆች እንዳያልፉበት አድርጉ፤ ለጎረቤትም ንገሩ። ርዝመቱንም በእርምጃ ለኩና ጻፉት። በሚቀጥለው ትምህርታችን ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ ቆርቆሮውን አብረን እናሰላለን። ገመድ ያለው ገመድ ይዞ ይምጣ።